ሞጁል የሚቀያየርለት አሮጌ የጊታር አምፕ፦ መጀመሪያ ቀፎውን እይ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በ1980ዎቹ የተሠራ የሲሞር ደንከን ኮንቨርቲብል አምፕ አንድ ሰው ሊሸጥልኝ ነው። ሦስት ሞጁሎች አብረውት አሉ። አንዱ ቻናል እየተንጫጫ ድምፁ ይጠፋና ይመለሳል። ጊታሩን ሳልነካውም ዝቅ ያለ እምምም የሚል ድምፅ አለው። ሻጩ ‹አንድ ቲዩብ ብቻ ነው የደከመው፣ ትቀይረዋለህ› ይላል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ ሞጁል በመቀያየር ብቻ የፌንደርን፣ የማርሻልንና የቮክስን ድምፅ ከአንድ አምፕ ማውጣት እውነት ይቻላል?»

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም እነዚህን አምፖች ከልቤ እወዳቸዋለሁ፤ ብዙዎቹም በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ገብተው ያለ ጥፋታቸው እንደ እቃ ተጥለዋል። መልሴ «ግዛው» ወደሚለው ያደላል። ግን «አንድ ቲዩብ ብቻ ነው» የሚለውን ወሬ ይዘህ እንዳትከፍል፤ ቲዩብ ማለት አምፑ ውስጥ ሲግናሉን የሚያጎላው አምፖል መሳይ የመስታወት ክፍል ነው። ሻጩ ዋሽቷል እያልኩህ አይደለም። የነገርከኝ ሁለት ምልክት ግን ከአንድ ቦታ የመጣ አይመስለኝም፤ ያንን ለመለየት ደግሞ አንድ አጭር ኬብል፣ ጊታርህና ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል።

ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፣ ምክንያቱም መግዛት አለመግዛትህን የሚወስነው እሱ ነው።

የጊታር አምፕ ሁለት ትልልቅ ክፍል አለው። የመጀመሪያው ፕሪአምፕ ነው፤ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያነሳል፣ ባህርይ ይሰጠዋል፣ ቤዝና ትሪብሉን ይቀርፃል። ሁለተኛው ፓወር አምፕ ነው፤ ያንን ተቀብሎ ስፒከር የሚገፋ ጉልበት ያደርገዋል። ሞጁል የሚቀያየርለት አምፕ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፕሪአምፑን ከቀፎው፣ ማለትም ከተቀረው አምፕ፣ ነጥሎ በሶኬት የሚሰካ ማድረግ። ፓወር አምፑ፣ ትራንስፎርመሮቹና ስፒከሩ ባሉበት ይቀራሉ፤ አንተ የፊተኛውን ክፍል እየነቀልክ ሌላ ትሰካለህ።

በዚች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚቀየር ስታይ ትገረማለህ። በአብዛኞቹ ፕሪአምፖች ውስጥ የምታገኘው ቲዩብ 12ኤኤክስ7 ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። በወረቀት ላይ የማጉላት አቅሙ 100 ነው፣ በተለመደው አሠራር ግን አንዱ ደረጃ (አንድ ዙር ማጉላት) ሲግናሉን 60 ጊዜ አካባቢ ያጎላዋል። ቲዩቡ በፌንደርም በማርሻልም ያው ነው። ልዩነቱ ዙሪያውን ባሉት ሳንቲም በማያወጡ ትንንሽ ክፍሎች ነው። የፌንደር ብላክፌስን (ፊቱ ጥቁር የሆነውን የ1960ዎቹ አምፕ) የቶን ሰርኪዩት፣ ማለትም ቤዝና ትሪብሉን የሚቀርፀውን ክፍል፣ ብታየው በመሀል 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 250 ፒኮፋራድ የትሪብል ካፓሲተር ታገኛለህ። የማርሻሉ በዚያው ቦታ 33 ኪሎ ኦምና 500 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው። በቃ፣ ሁለት ክፍል። የፌንደሩ መሀለኛውን ድምፅ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ የማርሻሉ መሀሉን ወደፊት ይገፋዋል፣ ጊታሩ ከባንዱ መሀል እየጮኸ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ፌንደር የቶን ሰርኪዩቱን ከመጀመሪያው ደረጃ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፤ ማርሻል ግን ሲግናሉን መጀመሪያ በደንብ አጉልቶ፣ በካቶድ ፎሎወር (ሲግናሉን ሳያጎላ በሚያሳልፍ የቲዩብ ደረጃ) አሳልፎ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀርፀው። ጌይኑን (የማጉላት መጠኑን) ስትጨምረው ሁለቱ ጨርሶ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚገቡት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

የ1980ዎቹን ሻካራ ድምፅ የምትወድ ከሆነ ደግሞ አንድ ሬዚስተር ላሳይህ። የማርሻል ጄሲኤም800 2203 ላይ ሁለተኛው ደረጃ ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚለቀው የቲዩቡ ክፍል) ላይ 10 ኪሎ ኦም አለው፤ የተለመደው 1.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ሆኖ ሳለ። ይህ ቲዩቡን ሆን ብሎ «ቀዝቃዛ» ያደርገዋል፣ የሞገዱን አንድ ወገን ቶሎ ይቆርጠዋል፣ ያ ጥርስ ያለው ዲስቶርሽን የሚወለደው እዚያ ነው። ሌላው አምፕ ሠሪ ሶልዳኖ በኤስኤልኦ-100 አምፑ ላይ ይህንኑ ወደ 39 ኪሎ ኦም ወስዶታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በእጅህ መዳፍ ላይ የምትይዘው ሰሌዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ሞጁል ድምፅ ይቀይራል ወይ?» ካልከኝ፣ አዎ፣ በጣም ይቀይራል።

«ታዲያ ማርሻሉን ራሱን ይሆናል ወይ?» ካልከኝ ግን መልሱ ሌላ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ታሪኩ ውስጥ አለ። የማርሻል የመጀመሪያ አምፕ፣ በ1962 የወጣው ጄቲኤም45፣ የተቀዳው ከፌንደር ባስማን 5ኤፍ6-ኤ ነው። የሁለቱን የሰርኪዩት ሥዕል ጎን ለጎን ብታስቀምጥ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ የክፍሎቹ ቁጥር እንኳን በአብዛኛው አንድ ነው። ሲሰሙ ግን አንድ አይደሉም። ለምን? ባስማኑ መግቢያው ላይ 12ኤዋይ7 የሚባል ለስለስ ያለ ቲዩብ ነበረው፤ ማርሻሉ እዚያ ቦታ ኢሲሲ83 አስገባ። ይህ የፕሪአምፕ ጉዳይ ነው፣ እሺ። የቀረው ግን ሁሉም ከፕሪአምፑ ውጭ ነው። ትራንስፎርመሩ ሌላ ነው። የፓወር ቲዩቦቹ ትንሽ ቆይተው ወደ ኬቲ66 ተቀየሩ። ከውጤቱ ተመልሶ ወደ ፓወር አምፑ የሚገባው ፊድባክ ባስማኑ ላይ ከ2 ኦም መውጫ፣ ማርሻሉ ላይ ከ16 ኦም መውጫ ነው የሚነሳው። ስፒከሮቹ ደግሞ ባስማኑ ጋ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ አራት ባለ 10 ኢንች፣ ማርሻሉ ጋ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አራት ባለ 12 ኢንች ሆኑ። ፕሪአምፑ ተመሳሳይ ሆኖ ሁለት የተለያዩ አምፖች ወጡ ማለት ነው። ሞጁል ስትሰካ ይህን በተገላቢጦሽ ነው የምታደርገው፦ ፕሪአምፑን ትቀይራለህ፣ የቀረው ሁሉ ያው ይቆያል።

ቮክስ ላይ ነገሩ የበለጠ ይጎላል። ኤሲ30 አራት ኢኤል84 ቲዩቦች አሉት፣ ፓወር አምፑ ፊድባክ የሚባል ነገር የለውም፣ ቲዩቦቹም በካቶድ ባያስ ነው የሚሠሩት (ባያስ ማለት ሳትጫወት በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ልክ ነው)። ያ ስትመታው ጭምቅ ብሎ የሚመለሰው፣ ላይ ላይ የሚያብረቀርቀው ድምፅ ግማሹ የሚመጣው ከዚያ ነው። የቮክስ ቶፕ ቡስት (የላይኛውን ድምፅ የሚያደምቀው ቻናል) ሞጁል 6ኤል6 የሚባል የፓወር ቲዩብ እና ፊድባክ ባለው ባለ 100 ዋት ቀፎ ላይ ስትሰካ የቶፕ ቡስቱን ቶን በደንብ ታገኛለህ፣ ጣትህ ስር የሚሰማህ ምላሽ ግን የዚያ ቀፎ ነው። መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም፤ እንደውም እኔ እንዲህ ዓይነት ድብልቅ የምወደው ብዙ ነው። ግን ምን እየገዛህ እንደሆነ አውቀህ ግዛ።

ለዚህ ነው የሞጁሉን ብዛት እየቆጠርክ እንዳትወስን የምለምንህ። ሦስት ሞጁል አለው፣ አምስት አለው፣ አሥር አለው፣ ይሄ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ቀፎውን ስማው። ስፒከሩንና ፓወር አምፑን ካልወደድካቸው የትኛውም ሞጁል አያድንህም። ከወደድካቸው ግን በአንድ ሞጁልም ደስ ብሎህ ትኖራለህ።

ስለ አምፑ ስለ ራሱ ጥቂት ልበልህ። ኮንቨርቲብል በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው የወጣው፣ በፒካፕ ሥራው የምናውቀው የካሊፎርኒያው ሲሞር ደንከን ኩባንያ ሥራ ነው። ሁለት ቻናል፣ አምስት የሞጁል ማስገቢያ አለው፤ ሞጁሎቹ የቲዩብም የትራንዚስተርም አሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኮንቨርቲብል ሞጁል ሙሉ ፕሪአምፕ አይደለም። ኖብ የለውም፣ ኖቦቹ ያሉት ቀፎው ፊት ላይ ነው። እንደ ጡብ አስበው፤ አንዱን ደረጃ በሌላ ትተካለህ፣ ተከታትለው አንድ ቻናል ይሠራሉ። ስለዚህ ለሻጩ የምትጠይቀው «ስንት ሞጁል አለ?» ሳይሆን «የትኞቹ ናቸው፣ የትኛው ማስገቢያስ ባዶ ነው?» መሆን አለበት። ሲግናል በተከታታይ በሚያልፍበት አምፕ ውስጥ ባዶ ማስገቢያ መንገዱን ሊቆርጠው ይችላል፤ አምስት ቦታ ባለው አምፕ ላይ ሦስት ሞጁል ብቻ መኖሩ በራሱ ለአንዱ ቻናል ችግር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሞጁሎቹ ድሮ መሠራት አቁመዋል፣ አብሮት ያለው ነው ያለህ ብለህ አስላ። መልካሙ ነገር፣ ውስጣቸው ያለው ቅድም የነገርኩህ ዓይነት ተራ ሬዚስተርና ካፓሲተር ስለሆነ እጁ የተፍታታ ባለሙያ ሊያድሳቸውም፣ ወደሌላ ድምፅ ሊቀይራቸውም ይችላል።

ሌላው መንገድ ኤምቲኤስ የሚባለው ነው። የሚሺጋኑ ብሩስ ኢግኔተር የነደፈው አሠራር ነው፣ ራንዳል በ2000ዎቹ በስፋት አምርቶታል። እዚያ ሞጁሉ ሙሉ ቻናል ነው፤ ሁለት 12ኤኤክስ7፣ የራሱ ጌይን፣ ቤዝ፣ ሚድ፣ ትሪብልና ማስተር አለው፣ ከፊት ለፊት ይገባል። አሁን ሲነርጂ የሚባለው ያንኑ መስመር ቀጥሎታል፣ የድሮዎቹን ሞጁሎችም ይቀበላል። ብዙ ድምፅ ቶሎ ቶሎ መቀያየር ከሆነ የምትፈልገው ያ ይሻልሃል፣ ሞጁልም በቀላሉ ይገኛል። የኮንቨርቲብል ሞጁል እዚያ አይገባም፣ የዚያም እዚህ አይገባም፤ ይህን የምነግርህ «ሞጁል ሞጁል ነው» ብሎ ገዝቶ እጁ ላይ የቀረበት ሰው ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ።

ከመንካትህ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ስፒከሩ መሰካቱን ሳታይ የቲዩብ አምፕ አታብራ፤ ያለ ስፒከር ስትጫወትበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ያ ደግሞ ከአምፑ ሁሉ ውዱ ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ሞጁል የምትነቅለው አምፑ ጠፍቶ፣ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ብቻ ነው። የቲዩብ ሞጁል ሶኬት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ። ቀፎው ራሱ ውስጥ ግን ካልተማርክ እጅህን አታስገባ። ካፓሲተሮቹ አምፑ ከጠፋ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ እኔም ራሴ በየቀኑ መጀመሪያ የምለካው እሱን ነው፣ ስንት ዓመት ሠርቼም።

ሻጩን ደግሞ አምፑ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደበራ ጠይቀው። ዓመታት ጥግ ላይ ተቀምጦ የኖረ ከሆነ ድንገት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ እንዳታበሩት፤ ካፓሲተሮቹ ቀስ በቀስ ቮልቴጅ እየጨመረላቸው መነቃቃት አለባቸው፣ ለዚያ ባለሙያ ጋ ይሂድ።

የሚንጫጫውና የሚጠፋው ቻናል፦ ይህ አሠራር የሚሰጥህ ትልቁ ስጦታ እዚህ ላይ ነው። በሌላ አምፕ ላይ ቀፎ ከፍቶ ሲለኩ መዋል የሚጠይቀውን ነገር አንተ በእጅህ ትፈትነዋለህ። አምፑን አጥፋ፣ ከሚያስቸግረው ቻናል አንድ ሞጁል ንቀልና ከደህናው ቻናል ተመሳሳይ ሞጁል ጋር አቀያይረው። አብራና ስማ። በሽታው ከሞጁሉ ጋር ከሄደ ችግሩ ሞጁሉ ላይ ነው፤ ያኔ የሻጩ «አንድ ቲዩብ» እውነት ሊሆን ይችላል። በሽታው እዚያው ቻናል ላይ ከቀረ ግን ሞጁሉ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ማስገቢያው ላይ ወይም ቻናል የሚቀያይረው ማብሪያ ላይ ነው። ቲዩብ ብትቀይር እስከ ነገ ድረስ አይለቅህም።

አንድ ገጠመኝ ልንገርህ። አንድ ሙዚቀኛ ልክ እንዲህ ያለ አምፕ ይዞልኝ መጣ። ቲዩብ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ሞጁሉን «ተበላሽቷል» ብለውት በርካሽ ሸጦታል፣ ሌላ ገዝቷል፣ ድምፁ አሁንም ይጠፋል። ማስገቢያውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከስምንት ፒን አንዱ ስር፣ ሳልደሩ (ፒኑን የሚያጣብቀው የቀለጠ ብረት) ዙሪያ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት አለች። ፒኑ ከሳልደሩ ተላቋል። አምፑ ሲሞቅ ይነካል፣ ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ሞጁል በነቀልክ በሰካህ ቁጥር ክንድህ የሚገፋው እነዚያን ፒኖች ነው፣ ለዓመታት። በሁለት ደቂቃ ብየዳ ተስተካከለ። ያ የተሸጠው ሞጁል ምንም አልነበረበትም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ብረቱ ላይ ያለው ዝገትም ያንኑ ምልክት ይሰጣል። ሞጁሉን ነቅለህ ጥርሶቹን ብርሃን ላይ አዘንብለህ እያቸው። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ፤ ግራጫ፣ ድንግዝግዝ ያለ ሽፋን ካለው አጥራው። በአይሶፕሮፒል አልኮል ወይም በኮንታክት ክሊነር የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። በአሸዋ ወረቀት እንዳታሻው፣ በላጲስም አይሁን፤ ላዩ ላይ ያለችው ስስ ቅብ ከተነሳች ከዚያ በኋላ ዝገቱ በየወሩ ይመጣብሃል። ከጠረግከው በኋላ አሥር ጊዜ ያህል ሰካ ንቀል አድርገው፣ በራሱ ይፋቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያቺን አጭር ኬብል አውጣ። አምፑ ጀርባ ላይ ሴንድና ሪተርን የሚል የኢፌክት መግቢያ ካለ አንዱን ጫፍ ሴንድ፣ ሌላውን ሪተርን ላይ ሰካ። ድምፁ መጥፋቱን ካቆመ በሽታውን አገኘኸው። ሪተርን ጃኩ ውስጥ ምንም ሳይሰካ ሲቀር ሲግናሉን የሚያሳልፍ ትንሽ የብረት ምላስ አለ፣ እሱ ይዝጋል፣ እናም አምፑ ሙሉ በሙሉ የሞተ እስኪመስል ድረስ ድምፅ ያጠፋል። «ድምፁ ይጠፋል ይመለሳል» ተብለው ከሚመጡልኝ አሮጌ አምፖች ብዙዎቹ ይህ ነው ችግራቸው። ያንተ ላይ አንዱ ቻናል ብቻ ስለሆነ ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ ግን ነፃ ፈተና ነው፣ አትለፈው። ጊታርህን በቀጥታ ሪተርን ላይ ብትሰካው ደግሞ ፓወር አምፑን ብቻውን ትሰማዋለህ። ቅድም «ቀፎውን ስማው» ያልኩህን የምታደርገው እንዲህ ነው። ደካማ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጥርት ያለ፣ ቤዙ ያልተበተነ፣ ሻካራ ያልሆነ መሆን አለበት።

አሁን እምምም የሚለው። የሁለቱንም ቻናል ቮሊዩምና ማስተሩን ዜሮ አድርገው። ድምፁ ከጠፋ የሚመጣው ከፕሪአምፑ ነው፣ ማለትም ከሞጁሎቹ ወይም ከመሬት መስመር። ካልጠፋ ፓወር አምፑ ወይም የኃይል አቅርቦቱ ነው፣ የትኛውንም ሞጁል ብትነቅል አይለወጥም።

ቀጥሎ ጊታርህን ተጠቀምበት፣ በደንብ የተቃኘ ይሁን። መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር የደከመ ፊልተር ካፓሲተር (የኃይል አቅርቦቱን የሚያለሰልሰው ክፍል) የሚሰጠው ድምፅ 100 ኸርዝ ነው። የወፍራሙ ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ጂ ኖታው፣ 98 ኸርዝ ነው። ስለዚህ አምፑ እምምም እያለ ሦስተኛ ፍሬቱን ነካ አድርገህ አስተያየው። እምምምታው ከኖታው ጋር የሚገጥም ከሆነ 100 ኸርዝ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከሰማኸው 50 ነው። መብራቱ 60 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ደግሞ 120ን የምትፈልገው በኤ ክር ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፍሬት መካከል ነው። 100 ከሆነ ወይ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል፣ ወይ ፓወር ቲዩቦቹ ጥንድ ጥንድ አልተመጣጠኑም፤ የተመጣጠኑ ቲዩቦች ይህን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፋፉት ነበር። 50 ከሆነ ወደ ፍላመንት (ቲዩቡን ወደሚያሞቀው ሽቦ) መስመር፣ ወደ መሬት ግንኙነት ወይም ወደ ባያስ አቅርቦቱ እንመለከታለን።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካፓሲተሮቹ ካልተቀየሩ 100 ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፣ መቀየራቸውም አይቀርም። ይህ አምፑን እንዳትገዛው የሚያደርግ ነገር አይደለም። መኪና ስትገዛ ጎማውን እንደምታስበው ሂሳቡ ውስጥ አስገባውና በዋጋው ተነጋገርበት። ፓወር ቲዩቦቹም ያኔ አብረው ይታያሉ። ሻጩ ምናልባት «ኢኤል34 አስገባበት፣ ማርሻል ይሆንልሃል» ይልህ ይሆናል፤ ኢኤል34 ሌላ ዓይነት የፓወር ቲዩብ ነው። ቲዩብ ዓይነት መቀየር ነቅሎ መሰካት አይደለም። አራት 6ኤል6 ለፍላመንታቸው 3.6 አምፔር ይበላሉ፣ አራት ኢኤል34 ግን 6 አምፔር፤ የኃይል ትራንስፎርመሩ ያንን መቻል አለበት። ባያሱም እንደገና ይለካል። ለምሳሌ ፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ያለው ብረት) ላይ 450 ቮልት ካለ፣ 25 ዋት የሚችለውን ኢኤል34 በ70 በመቶ ብታሠራው 17.5 ዋት፣ ማለትም 39 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው ለአንዱ ቲዩብ። 30 ዋት የሚችለው 6ኤል6ጂሲ ደግሞ ወደ 47 ይሄዳል። ቁጥሩን ሳይለካ «ገብቷል፣ ይሠራል» የሚልህ ሰው ጋ አምፕህን አትተው።

የማልገዛበትን ሁኔታም ልንገርህ። ትራንስፎርመሩ አካባቢ የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ተወው። የፓወር ቲዩብ ውስጥ ያለው ብረት ሳትጫወትበት ቀይ ሆኖ የሚግል ከሆነ ወዲያው አጥፋው፤ ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ግን ስንት ሰዓት እንደዚያ ሲነድ እንደኖረ አታውቅም። ፓወር አምፑ ብቻውን ሲሰማ ደካማና የተሸበሸበ ከሆነ፣ ሻጩም አዲስ ቲዩብ አስገብቼበታለሁ ካለህ፣ የውጤት ትራንስፎርመሩን እጠረጥራለሁ፤ እሱ ተቃጥሎ ከሆነ ሞጁሎቹን ብቻ ነው የገዛኸው፣ እነሱ ደግሞ ያለዚህ ቀፎ የትም አይሰኩም።

የተቀረው፣ የተንጫጫ ኖብ፣ የላላ ጃክ፣ የተቀደደ የሣጥን ልባስ፣ ሪቨርቡ አለመሥራቱ፣ እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ፤ በእነሱ አትደንግጥ።

እንግዲህ ስትሄድ አጭር ኬብል፣ የተቃኘ ጊታር፣ ንጹሕ ጨርቅና ትንሽ አልኮል ያዝ። መጀመሪያ ስፒከሩን እይ፣ ቀጥሎ ጊታሩን ሪተርን ላይ ሰክተህ ቀፎውን ስማ፣ ከዚያ ነው ሞጁል ወደ ማቀያየር የምትሄደው። ስትመለስ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ መጥፋቱ ከሞጁሉ ጋር ሄደ ወይስ እዚያው ቀረ? ቮሊዩሙ ዜሮ ሲሆን እምምምታው አለ ወይ? ከየትኛው ፍሬት ጋርስ ገጠመ? እሱን ከነገርከኝ የቱን ክፍል እንደምትቀይር እነግርሃለሁ።